ያ ብረት ከሙሽራዋ መኪና ሥር አይነቀል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ የምኖር መካኒክ ነኝ። ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ካለ ጋራዥ ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌን አግዛለሁ። እሳቸው የአሮጌ ፎርድ መኪኖች ፍቅር አለባቸው፤ እኔንም አጋብተውብኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ባለፈው እትማችሁ በአንባቢያን ጥያቄ ገጽ ላይ ስላወጣችሁት መልስ ነው።

ጠያቂው ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈ ወጣት ነው። የ1915 ፎርድ ሞዴል ቲ ገዝቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የናሱን ራዲያተር ወልውሎ፣ መኪናውን በአበባ አስጊጦ ለሐበሻ ሰርግ ሊያከራይ አስቧል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እግዚአብሔር ያሳካለት። ከፊት አክስሉ (ሁለቱን የፊት ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት) ሥር ዝገት የያዙ ዘንጎች፣ ከኋላ ጎማዎቹ ላይ ደግሞ ፋብሪካው ያልሠራቸው የፍሬን ቀለበቶች አግኝቶ "ምን ላድርጋቸው?" ብሎ ጠየቃችሁ። እናንተም "ፋብሪካው ያላስገባውን ሁሉ አውጥተህ ጣል፤ መኪናው የመጀመሪያ መልኩን ይያዝ" አላችሁት።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ሐሳቡ ከክፋት እንዳልመጣ አውቃለሁ። ለሙዚየም መኪና ቢሆን ያስኬዳል። ይህ መኪና ግን ሰው ሊጭን ነው። እነዚያ ዘንጎችና እነዚያ ፍሬኖች ከወጡ በኋላ ሙሽራ ይዞ ቁልቁለት ከወረደ፣ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይከብደኛል። ስለዚህ ብረቶቹ ለምን እንደገቡ ላስረዳ።

ሞዴል ቲ ከጥቅምት 1908 እስከ 1927 ድረስ ተሠርቷል። ከ15 ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። ሲጀመር ዋጋው 850 ዶላር ነበር። በ1925 ትንሹ ባለሁለት ሰው መኪና 260 ዶላር ደርሷል። ፎርድ ዋጋውን ያወረደው ንድፉን ብዙም ሳይነካ፣ ያንኑ መኪና ደጋግሞ በመሥራት ነው። ብረቱ ጥሩ ነው፤ በዚያ ዘመን ውድ የነበረውን የቫናዲየም ብረት ተጠቅሟል። ግን መኪናው ቀላል ነው፣ ቀጭን ነው፣ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያለው።

መንገዱስ? በ1904 የአሜሪካ መንግሥት የገጠር መንገዶቹን ሲቆጥር ከ2 ሚሊዮን ማይል በላይ አገኘ። ከዚህ ውስጥ ጠጠርም ሆነ ድንጋይ የለበሰው ከመቶ 7 ያህሉ ነበር። የቀረው ጭቃና አቧራ ነው። ገበሬው ሞዴል ቲውን በዚያ መንገድ ላይ ነዳ፣ ጭነት ጫነበት፣ ማረሻ አስጎተተው። የሚሰበረው ቦታ ቶሎ ታወቀ። ፎርድ ያልሞላውን ክፍተት ሌሎች ሞሉት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቅ ንግድ የተወለደው ያኔ ነው። ጆርጅ ፔፐርዳይን የሚባል ሰው በ1909 ካንሳስ ሲቲ ላይ ዌስተርን አውቶን ከፍቶ የፎርድ ዕቃ በፖስታ መሸጥ ጀመረ። ኋላ በ1937 ካሊፎርኒያ ውስጥ በስሙ የሚጠራውን ዩኒቨርሲቲ መሠረተ። የሲርስ ካታሎግም የፎርድ ተጨማሪ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ገበሬው ካታሎጉን ገልጦ ያዝዛል፣ ዕቃው በፖስታ ይመጣል፣ በመፍቻና በመዶሻ ጎተራው ውስጥ ይገጥመዋል። የወጣቱ መኪና ሥር ያሉት ብረቶች ምናልባት እንደዚያ የገቡ ናቸው። ከመኪናው ታሪክ ሊነጠሉ አይገባም።

ከፊት ዘንጉ ልጀምር፤ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው። የሞዴል ቲ የፊት አክስል የተንጠለጠለው ወደ ጎን በተጋደመ አንድ ባሌስትራ፣ ማለትም ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች በተሠራ ሞላ ነው። አክስሉ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ የሚይዘው ደግሞ ሁለት እግር ያለው ቀጭን ዘንግ ነው። ሁለቱ እግሮች ፊት ለፊት አክስሉን ይይዛሉ። ወደ ኋላ ሄደው አንድ ቦታ ይገጥማሉ፤ እዚያ ላይ ድቡልቡል ራስ አለ። ራሱ የሚቀመጠው በሞተሩ ኮፓ (የዘይት መያዣው) ሥር ካለ ጎድጓዳ መያዣ ውስጥ ነው። እስከ 1918 በተሠሩት መኪኖች ላይ እግሮቹ አክስሉን የሚይዙት ከላይ በኩል ብቻ ነው። ከታች የሚደግፈው ነገር የለም። ጎማው ጥልቅ ጉድጓድ ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ በኃይል ሲመታ አክስሉ መጠማዘዝ ይፈልጋል። ዘንጉ ከጎበጠ አክስሉ ወደ መኪናው ሥር ይታጠፋል። ያኔ መኪናው እግሩ እንደተጠለፈ ሰው በግንባሩ ይደፋል። መሪው በእጅህ ቢሆንም ምንም አይሠራም።

የዕቃ ሻጮቹ መፍትሔ ቀላል ነበር። ሌላ ጥንድ ዘንግ ከአክስሉ ሥር ይነሳና ወደ ኋላ ሄዶ ከዋናው ዘንግ ጋር ይታሠራል። አክስሉ ከላይም ከታችም ተያዘ ማለት ነው። ይህ ነገር ትርፍ ጌጥ አለመሆኑን የሚያሳየው ደግሞ የፎርድ የራሱ ሥራ ነው፤ በ1919 ፋብሪካው መያዣውን ከአክስሉ በላይ አንስቶ ከሥር አደረገው። ስለዚህ በ1915 መኪና ላይ ያ ተጨማሪ ዘንግ ሲታይ፣ የመኪናው ባለቤት ፋብሪካው ኋላ ያስተካከለውን ጉድለት በራሱ ገንዘብ አስተካክሎታል ማለት ነው። እናንተ እንዲጣል የመከራችሁት ይህን ነው።

እኔ የማግዛቸው ሽማግሌ የ1914 መኪና አላቸው። እሱም ላይ ይህ ማጠናከሪያ አለ። ባለፈው ጸደይ፣ ክረምቱ ያበላሸው አስፋልት ገና ሳይጠገን፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባንበት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ድምፁ አጥንት ድረስ ይሰማል። ከሥር ገብቼ ሳይ የታችኛው ዘንግ ትንሽ ጎብጧል። የላይኛው ቀጥ እንዳለ ነው፤ አክስሉም ቦታውን አልለቀቀም። ቀስ ብለን በራሱ ነድተን ቤት ገባን። ዘንጉን በወቅቱ ከተሠራው ጋር አንድ ዓይነት በሆነ አዲስ ቀየርነው፤ የዚህ ዓይነት ዕቃ ዛሬም ይመረታል፣ ዋጋውም ከአንድ የሰርግ ኪራይ አይበልጥም።

አሁን ወደ ፍሬኑ። የዛሬ መኪና የነዳ ሰው ሞዴል ቲ ላይ ሲቀመጥ ግራ ይገባዋል። ሦስት ፔዳል አለው። የግራው ማርሽ ነው፤ ሲረገጥ ዝቅተኛው፣ ሲለቀቅ ከፍተኛው ይገባል። የመሐሉ የኋላ ማርሽ ነው። የቀኙ ፍሬን ነው። ነዳጅ የሚሰጠው በእጅ፣ ከመሪው ሥር ባለች ትንሽ ዘንግ ነው። የፊት ጎማዎቹ ፍሬን የላቸውም። የቀኙ ፔዳል ደግሞ ጎማ አይዝም። የሚይዘው ካምቢዮው ውስጥ ያለ ታምቡር (ከበሮ መሰል ክብ ብረት) ነው። ያ ኃይል ከካምቢዮው ወደ ኋላ በሚሄደው ረጅም ዘንግ በኩል ሄዶ፣ በዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች በሚያካፍለው ጥርስ) አልፎ፣ ከዚያ ነው ጎማው ጋ የሚደርሰው።

በዚህ መስመር ላይ አንድ ነገር ከተሰበረ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ደካማ ቦታም አለ። በዚያ ዘመን ዲፈረንሻሉ ውስጥ የጥርሱን ግፊት የሚቀበሉት ቀለበቶች ባቢት ከሚባል ለስላሳ የብረት ቅይጥ የተሠሩ ነበሩ። ባቢት ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ሲፈረፈር ትልቁ ጥርስ ከትንሹ ይርቃል። ያኔ መኪናው መንዳትም መቆምም አይችልም። የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። እሱም ከኋላ ጎማ ታምቡር ውስጥ ያሉ፣ ሸራ (የፍሬን ልባስ) የሌላቸው ትንንሽ የብረት ጫማዎች ናቸው። የቆመ መኪና ለመያዝ ይሆናሉ፤ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና አያቆሙም።

ወጣቱ ያገኛቸው የፍሬን ቀለበቶች ሮኪ ማውንቴን የሚባለው ዓይነት ይመስሉኛል። ሸራ የለበሰ ቀበቶ የኋላውን ታምቡር ከውጭ ያቅፋል። ከቀኙ ፔዳል ጋር በዘንግ ይያያዛል፤ ሲረገጥ ካምቢዮውም ጎማውም ይያዛል። ዲፈረንሻሉ ቢበላሽ እንኳ ጎማው ላይ ፍሬን አለ። ድክመትም አለው፤ ዝም ብዬ ባሞግሰው ልክ አይደለም። ወደ ፊት ሲሄድ በደንብ ይይዛል፣ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ግን ይለግማል። ውኃ ሲነካውም ይደክማል። ስለዚህ ዳገት ላይ የሚቆም ሰው የእጅ ፍሬኑንም መተማመኛ አድርጎ ማስተካከል አለበት።

እናንተ ያላስተዋላችሁት ሌላ ነገርም አለ። ከጥያቄው ጋር ባወጣችሁት ፎቶ ላይ፣ ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ አንድ አጭር ዘንግ ቆሞ ይታያል። ፎቶውን አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ራክስቴል የሚባለው ባለሁለት ፍጥነት የኋላ አክስል ይመስለኛል። ይህ ዕቃ የተሠራው በ1920ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሊ ላይ፣ ሆል ስኮት ፋብሪካ ነው። ፎርድ ስለፈቀደው በራሱ በፎርድ ነጋዴዎች በኩል ይሸጥ ነበር። ለዳገት ድንቅ ነገር ነው፤ በሁለቱ የፎርድ ማርሾች መሐል ተጨማሪ ማርሽ ይሰጣል። ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር ባይገባ፣ መሐል ላይ ባዶ ሊቀር ይችላል። ባዶ ሲቀር ሞተሩም የካምቢዮው ፍሬንም ከጎማው ጋር ግንኙነት የላቸውም። ስለዚህ የሞዴል ቲ ሰዎች ራክስቴል ያለው መኪና ላይ የጎማ ፍሬን የግድ ነው የሚሉት። ወጣቱ ምክራችሁን ሰምቶ ፍሬኖቹን አውጥቶ፣ ራክስቴሉ ግን ከውስጥ ስለሆነ ሳያየው ቢቀር፣ ከሁሉ የከፋው ዓይነት መኪና ይኖረዋል።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል የሚባለው የሜሪዲያን ሂል ፓርክ አለ። ከአጠገቡ ያለውን የ16ኛውን ጎዳና ቁልቁለት የነዳ ያውቀዋል። መኪናው ባዶውን ወደ 680 ኪሎ ነው። ሹፌር፣ ሙሽራ፣ ሙሽሪትና ሁለት ሚዜ ሲሳፈሩ ክብደቱ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ከፊት ለፊት ቀይ መብራት፣ ከኋላ ዘመናዊ መኪና ተጠግቶ ይመጣል። በዚያ ቦታ ላይ ካምቢዮ ውስጥ ባለች አንዲት ቀበቶ ብቻ መተማመን አልችልም።

ያ ዘመን የሸጠውን ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ቤንዚን ይቆጥባሉ እየተባሉ የተሸጡ ብዙ ከንቱ ዕቃዎች አሉ። በኢንዲያናፖሊስ ይሠሩ የነበሩት የሃስለር ሞላዎች ለገበሬ መንገድ ምቾት ሰጥተዋል፤ እኔ ግን ለከተማ ሰርግ ብዙም አልወዳቸውም፣ መኪናው ኩርባ ላይ ሲወዛወዝ ልቤን ያስጨንቀዋል። ለማየት ያምራሉ፣ ይኑሩ ካለ ይኑሩ። መጣል ያለበት ደግሞ ብየዳ ነው። በመሪ ክንዶች ወይም በፊት አክስሉ ላይ የኤሌክትሮድ ብየዳ ካየ፣ ያ የዘመኑ ማጠናከሪያ አይደለም። ሰበር የሸፈነ ሰው ሥራ ነው። ያ ክፍል ይቀየር። የካታሎጉ ዕቃ የሚታወቀው በቡሎን መታሠሩ ነው፤ ብዙ ጊዜም የአምራቹ ስም ወይም የፓተንት ምልክት ብረቱ ላይ ይገኛል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ቀስ አድርጎ ቢያነሳው ጽሑፍ ሊያገኝ ይችላል።

ሞተሩን የያዙትን የኮፓ ክንዶችም ይይ። ሻንሲው (መኪናው የተሠራበት የሥር ብረት) ሲጠማዘዝ ክንዶቹን ይጎትታቸዋል፤ ስንጥቅ ይወዳሉ። ለዚህም ያኔ መደገፊያ ብረት ይሸጥ ነበር። ክንዱ ሻንሲው ላይ በሚታሠርበት ቦታ ውስጥ አንዲት የእንጨት ቁራጭ ትኖራለች። ቆሻሻ መስላው እንዳይጥላት። ፎርድ ራሱ ያስገባት ናት፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ሻንሲው እንዳይጨፈለቅ ትይዛለች። ደርቃ ከተሰነጠቀች በጠንካራ እንጨት ትተካ።

"የመጀመሪያ መልክ" የሚለውን ነገር እኔም አከብራለሁ። በየጥቅምቱ ሄርሺ፣ ፔንሲልቬንያ የሚደረገው ትልቁ የአሮጌ መኪና ገበያ ላይ ስሄድ፣ እንከን የለሽ መኪኖችን ሳይ ደስ ይለኛል። ከ1935 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ አሮጌ መኪኖች ክለብ ሲዳኝ፣ መኪናው ከነጋዴው እጅ ለገዢ ሲሰጥ በነበረበት ሁኔታ እንዲሆን ይፈልጋል። ከፎርድ ውጭ የተገዛ ዕቃ ነጥብ ሊያስቀንስ ይችላል። ወጣቱ ውድድር የሚፈልግ ከሆነ ለዚያ ቀን ፈትቶ፣ ስም ጽፎ አስቀምጦ፣ መኪናውን በተሳቢ ጭኖ ይውሰድ። ሲመለስ መልሶ ይግጠም። ለሚነዳ መኪና ግን ሌላ ሕግ ነው ያለው።

ደግሞም የመጀመሪያ መልክ የምንለው የትኛውን ነው? ፋብሪካው ውስጥ ያደረው አንድ ሌሊት ነው። ከዚያ በኋላ አሥርተ ዓመታት ጭቃ ውስጥ ኖሯል። አዲስ አበባ ስሠራ ከገጠር የሚመጡ የጭነት መኪኖች ባሌስትራቸው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ይጨመር ነበር። ጌታዬ የነበሩት ባለሙያ አንድም ቀን ዝም ብለው አውጡት አላሉንም። መጀመሪያ ሹፌሩን "የት መንገድ ነው የምትሠራው?" ብለው ይጠይቁት ነበር። መልሱን ሰምተው ነው የሚወስኑት።

ለወጣቱ ወንድማችን የምለው ይኸው ነው። ከፊት ያለውን ዘንግ አትንካ። ዳዶዎቹን ሁሉ እይ፣ የሚይዛቸው ፒን የጎደለበት ካለ አስገባ። ኮፓው ሥር ያለውን የድቡልቡሉን ራስ መያዣ አንቀጥቅጠው፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አስጠብቀው። ከዚያ የኋላውን አክስል አስከፍት። ውስጡ የባቢት ቀለበት ከተገኘ በነሐስ ይቀየር፤ ይህ ከውጭ አይታይም፣ የመኪናውን መልክም አይነካም። ፍሬኑን አውጥተህ ሸራውን አስቀይር፣ ብረቱ ስንጥቅ እንደሌለው አስመርምር፣ መልሰህ ግጠም። ሁለቱ ጎማዎች እኩል መያዛቸውን ባዶ ሜዳ ላይ ሞክር። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ሰው አትጫን፤ ለፎቶ ቆሞ ያገልግል፣ ያም ቢሆን ኪራይ ነው። መንዳቱን መማር ከፈለግህ ሚሺጋን ውስጥ ሂኮሪ ኮርነርስ ያለው የጊልሞር መኪና ሙዚየም ሞዴል ቲ መንዳት ያስተምራል።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ወጣቱ የመጀመሪያው ሰርግ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንደሆነ ጽፏል። የሚቀጥለው እትማችሁ ከዚያ በፊት የማይደርስ ከሆነ፣ ደብዳቤዬ እስኪታተም አትጠብቁ። አድራሻው እናንተ ዘንድ አለ፤ ደውሉለት። ስልኬን ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ፣ ስጡት። መኪናውን በተሳቢ ጭኖ ቅዳሜ ቢያመጣው ከሽማግሌው ጋር ከሥሩ ገብተን እናይለታለን። ገንዘብ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር
መካኒክ አንባቢያችሁ
ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ